ነጭ ሳርን የሚያጠፋው ማን ነው?

የጥፋትን ሸክም ከራስ አውርዶ በሌላው ትከሻ ላይ መጫን ከጥንት ጀምሮ በሰው ልጅ ዘንድ የኖረ ልማድ ነው። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የተባለውም ተረት የተተረተው እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመንቀፍ ነው። ዛሬም በአርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭም ርቆ በአዲስ አበባ፣ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ነገር በተነሣ ቍጥር ይኸው ልክክ ይሰማል። የተማረው ሰው ከብት አርቢውን ይከሳል፤ ሹሙ እንጨት ለቃሚይቱን ድኻ ይከሳል፤ ነጋዴው ሹሙን ይከሳል፤ ሹሙም ዞሮ ከእርሱ በፊት የነበረውን ሹም ይከሳል። ሁሉም ከሳሽ ሆነና ተከሳሽ ጠፋ። በዚህ መካከል ሜዳው ይጠባል፤ ደኑም ይሳሳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ ለያንዳንዱ እንደ ሥራው መፍረድ የተገባ ነው።

አስቀድሞ የሚፈረድበት ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የማያውቁትን ነገር መውደድም ሆነ ማዳን አይቻልምና። ነጭ ሳር ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ይገኛል። ስፋቱ የሐይቆቹን ክፍል ጨምሮ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በምዕራብ የጋሞ ተራሮች፣ በምሥራቅ የአማሮ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመውለታል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን ጠባብ የምድር አንገት የአገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ብሎ ሰይሞታል። ከዚያ ወዲያ የሚዘረጋው ሜዳ ሣሩ በበጋ ሲደርቅ ከሩቅ ነጭ መስሎ ይታያልና ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በምዕራቡ ወገን ደግሞ፣ ከከተማው ገደል በታች፣ ሕዝቡ ከብዛታቸው የተነሣ አርባ ብሎ የጠራቸው ምንጮች ይፈልቃሉ፤ በምንጮቹም ዙሪያ ታላላቅ ሾላዎች የቆሙበት ደን አለ።

ይህ ደን በዚያ ቆላ መብቀሉ የሚያስደንቅ ነው። በቆላው የሚዘንበው ዝናም ብቻውን እንዲህ ያለውን ረዥም ዛፍ ሊያሳድግ አይችልም። ምሥጢሩ ያለው ከላይ ከተራራው ነው። በጋሞ ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናም ወደ ምድር ሰርጎ፣ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ፣ በገደሉ ሥር እንደ ገና ብቅ ይላል፤ የሾላውም ሥር ይህን ውኃ እየጠጣ ይኖራል። ስለዚህ በአንድ ወገን ውኃ የጠገበ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በሌላው ወገን ፀሐይ የሚያነደው ሳርማ ሜዳ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ጐን ለጐን ይኖራሉ። በዚህ ያህል ጠባብ ምድር ይህን የመሰለ መለያየት በሌላ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

በሜዳው ላይ የሜዳ አህያና የሜዳ ፍየል ይግጣሉ፤ በደኑ ውስጥ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል፤ ድኵላም በጥላው ይመላለሳል። የኩልፎ ወንዝ ደኑን አቋርጦ ወደ ጫሞ በሚገባበት አጠገብ ደግሞ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ስፍራ አለ፤ ሰውም ከመሰብሰባቸው ብዛት የተነሣ «የአዞ ገበያ» ይለዋል። ከነዚህም ሁሉ ይልቅ የሚደንቀው የአንዲት ወፍ ታሪክ ነው። በ1990 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሳር መንገድ ላይ ተደፍጥጣ የሞተች ወፍ አገኙ። ቀን መሬት ላይ አድፍጣ የምትውል፣ ሲመሽ ብቻ የምትበር ወፍ ናት። ለምርመራ የሚበቃ ሆኖ የተረፈው አንድ ክንፍዋ ብቻ ነበረ። ያን ክንፍ በዓለም ቤተ መዘክሮች ካሉት ወፎች ጋራ ቢያስተያዩት የሚመስለው ጠፋ፤ በ1995ም አዲስ ዘር ናት ተብላ በላቲን ቋንቋ «ክንፍ ብቻ» የሚል ስም ወጣላት። እንግዲህ ይህ ሜዳ የዓለም ሊቃውንት ሙሉ አካልዋን ሳይዙ በክንፍዋ ብቻ ያወቋትን ፍጥረት የሚያኖር ሜዳ ነው። ያለውን ቈጥሮ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ የሚጣለውንና የሚያዘውን ለይቻለሁ ሊል አይችልም።

የቆርኬውም ነገር ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በስዌይን ስም የሚጠራው ቆርኬ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሶማሌ ምድርና በኢትዮጵያ በብዙ መንጋ የሚታይ እንስሳ ነበረ። ኢትዮጵያውያን «ክፉ ቀን» ብለው በሚያስታውሱት ዘመን የከብቱን በረት ባዶ ያስቀረው ደስታ የተባለው በሽታ የዱሩንም መንጋ ፈጀው፤ ከዚያ የተረፈውን ጠመንጃና ማረሻ ተከፋፈሉት። ዛሬ ይህ የቆርኬ ወገን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። በ1974 ዘሩ በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳይቀር ታስቦ ከሰንቀሌ ተይዘው ወደ ነጭ ሳር የተወሰዱ ቆርኬዎች ነበሩ። ብልህ ገበሬ ዘሩን በሁለት ጐተራ ያስቀምጣል፤ አንዱን ነቀዝ ቢበላው በሁለተኛው ይተርፋልና። ዳሩ ግን በነጭ ሳር የተቀመጠው ዘር ሊበዛ ሲገባው እየመነመነ ሄዶ በጣት የሚቈጠር ሆነ። ሁለተኛው ጐተራ ሊራቆት ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። የመጀመሪያው ተከራካሪ ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «አራዊት ከሰው ይበልጣሉን? ሕዝብ በተራበበት አገር ለሜዳ አህያ ሜዳ መከለል ምን ይባላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ርኅራኄ ያለበት ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው አፉን ይዞ ይቀራል። ነገር ግን ርኅራኄው ለማን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ነጭ ሳር ቢታረስ የሚጠግበው ማን ነው? ሜዳው ዝናሙ የማይታመን ቆላ ነው፤ ሣሩን ገልብጦ ያረሰው ሰው ጥቂት ዓመት ቢያመርት፣ አፈሩ በነፋስና በጎርፍ ሲወሰድ የሚቀርለት ጭንጫ ነው። ደኑስ ቢመነጠር የሚጠቀመው ማን ነው? እንጨቱን የሚሸጠው ነጋዴ ለአንድ ወቅት ይከብራል፤ ከምንጩ የሚጠጣው ከተማ ግን ለዘለዓለም ይደኸያል። የአርባ ምንጭ ሰው የሚጠጣው ውኃ ከዚሁ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች የሚሳብ ነውና። ስለዚህ ክርክሩ በሰውና በአራዊት መካከል አይደለም። ዛሬ በሚበላ ሰውና ነገ በሚጠማ ሰው መካከል ነው።

ሌላው ደግሞ ከመጻሕፍት ጠቅሶ «ሰው ምድርን ይገዛ ዘንድ፣ አራዊትንም ይነዳ ዘንድ ሥልጣን ተሰጥቶታል» ይላል። ይህ የሊቅ መልክ ያለው ክርክር ነው፤ ካህናቱም ሲሰሙት ዝም ማለት አይገባቸውም። የሥልጣኑን ቃል የሚጠቅስ ሰው ከዚያው መጽሐፍ ጥቂት ወረድ ብሎ ቢያነብ፣ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ ያገኛል። የመሥራቱን ወስዶ የመጠበቁን መተው ከአንድ ትእዛዝ ግማሹን መቅደድ ነው። ደግሞም ሹመት ማለት ሀብት ማለት አይደለም። ንጉሥ ለአንድ ሰው አገር ሰጥቶ ቢሾመው፣ ያ ሹም ሕዝቡን ፈጅቶ ከብቱን አርዶ «ሥልጣን ተሰጥቶኛል» ቢል ማን ይቀበለዋል? የሹም ክብሩ ሲሻር በሚያስረክበው አገር ይታወቃል። ሰውም በምድር ላይ የሚኖረው እንደዚህ ያለ ሹመት ተሹሞ ነው፤ የሚሻርበትም ቀን ቀርቶለት አያውቅም።

ሁለተኛው ተከራካሪ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። እርሱ ደኑን እወዳለሁ ይላል፤ ፍቅሩ ግን ሰውን በመጥላት የሚገለጽ ነው። «የጉጂን ከብት አርቢ አስወጡት፤ የኮሬን ገበሬ ከልክሉት፤ ያን ጊዜ ፓርኩ ይድናል» ይላል። ይህን ቃል በከተማ ቡና ቤት ተቀምጦ መናገር ቀላል ነው። የሆነውን ነገር ታሪክ ይናገረው። ነጭ ሳር የተከለለው በ1974፣ ያውም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በወደቀበት በዚያው ዓመት ነበረ። ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን በሜዳው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በኃይል እንዲለቁ ተደረገ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ተመልሰው ገቡ፤ በብዙ ስፍራም የፓርክ ቤቶችና ንብረቶች ተዘረፉ፤ ሕዝቡ ፓርኩን የገዢ እጅ አድርጎ ይቈጥረው ነበርና ገዢው ሲወድቅ በፓርኩ ተበቀለ። በ2004 ደግሞ የኮሬ ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው በሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ የጉጂ ሰዎች ቤቶች መቃጠላቸውንም በጊዜው የወጡ መግለጫዎች ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሜዳው ዳነን? አልዳነም። የተባረረው ሰው ሲመለስ የሚመለሰው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ባለ ቂም ነው። በበትር የተጠበቀ ደን በትሩ የወደቀ ዕለት ይወድቃል።

ነገር ግን ስለ ከብት አርቢው የሚከራከር ሰው እውነቱን ሁሉ መናገር አለበት። ከብት በሜዳው ላይ ከልክ በላይ ሲበዛ ሜዳው ይጐዳል፤ ይህ ሊሸሸግ የማይገባ ነገር ነው። የጉዳቱም መንገድ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ብዙ ሰው ከብት ሣሩን ጨርሶ ምድረ በዳ ያደርገዋል ይላል። በነጭ ሳር የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሣሩ ሲሳሳ ቍጥቋጦ ይተካዋል። ሳርማ ሜዳ ሜዳ ሆኖ የሚኖረው ሣሩ ጠንክሮ ከቍጥቋጦው ችግኝ ጋራ ስለ ውኃ ስለሚሻማና፣ በበጋም የሚነሣው እሳት ችግኙን እያቃጠለ ስለሚያስቀረው ነው። ሣሩ አጥሮ ከተጋጠ እሳቱ የሚበላው ያጣል፤ ሥሩም ይደክማል፤ ያን ጊዜ እሾሁ ያድጋል። እሾህ በነገሠበት ሜዳ ቆርኬ አይግጥም፤ የጉጂውም ላም አትጠግብም። እንግዲህ የቆርኬው ጠላትና የላሚቱ ጠላት አንድ ሆነ ማለት ነው። ይህን ነገር ለከብት አርቢው በቋንቋው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በአክብሮት ያስረዳው ማን ነው? ቤቱን ለማስለቀቅ የሄደ መልእክተኛ አልጠፋም፤ ሊመክረው የሄደ ግን ጥቂት ነው። ጉጂ ከብቱን ይወዳል፤ ስለ ሣርም ያለው ዕውቀት ከአባቶቹ የወረሰው ነው። ምክንያቱን ከተረዳ ከማንም ይልቅ ሜዳውን ሊጠብቅ የሚችለው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ተከሳሽ እስከ ዛሬ በችሎት ፊት ያልቀረበው ነው፤ እርሱም ከተማው ነው። አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ሆና የተቈረቈረችው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ግዛቱ ከጨንቻ ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 74,879 ሰው ይኖርባት ነበረ፤ ከዚያም ወዲህ ሰዉ እየጨመረ ሄዷል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ይበላል፤ ምግቡም በእሳት ይበስላል። ምጣዱ የሚሰማው ወጡም የሚንተከተከው በምንድን ነው? ለብዙው ቤት በእንጨትና በከሰል ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ምግብ ቤቱ፣ ሁሉም ማገዶ ይፈልጋሉ። ማገዶው በቅርብ የሚገኘው ደግሞ ከገደሉ በታች ካለው ደን ነው።

በማለዳ ከደኑ ወደ ከተማው የሚወጣውን ዳገት የተመለከተ ሰው ወገባቸው እስኪጐብጥ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን ያያል። ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱን የጥበቃ ሰው ቢይዛት ሸክሟን ያስጥላታል፤ ገመዷንም ይወስድባታል። ያን ቀን ልጆቿ ሳይበሉ ያድራሉ። ከሳሹ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ «ሕግ ተከበረ» ይላል። ማታ ግን ቤቱ ገብቶ የሚበላው እንጀራ በማን እንጨት እንደ ተጋገረ አይጠይቅም። መጥረቢያውን የያዘች እርስዋ ናት፤ ትእዛዙ የሚወጣው ግን ከእርሱ ምድጃ ነው። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው ከሌባው ጋራ እንደሚፈረድበት ባለ ሕጎች ሁሉ ያውቃሉ። ታዲያ ስለ እንጨት ሲሆን ይህ ፍርድ ለምን ተለወጠ? ሻጪቱ ድኻ ስለ ሆነች፣ ገዢው የተከበረ ስለ ሆነ አይደለምን?

ከዚህ ክስ የሚያመልጥ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ሠርግ በተደገሰ ጊዜ የሚነደው ግንድ፣ ማኅበር በተጠጣ ጊዜ የሚፈጀው ከሰል፣ ተዝካርም በወጣ ጊዜ በትላልቅ ድስት ሥር የሚማገደው እንጨት ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ስለ ነፍስ ይማር ተብሎ በሚወጣው ተዝካር የሕያዋን ልጆች ምንጭ ሲቃጠል ካህኑም ባርኮ ይቀመጣል፤ ጋባዡም ያመሰግናል። ይህ ነገር ሲነገር ይመር ይሆናል፤ መራራ መሆኑ ግን ሐሰት አያደርገውም።

በዚህ ስፍራ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። «ደኑ ከተቈረጠ ምንጩ ይነጥፋል» የሚሉ ሰዎች በቅን ልብ ይናገራሉ፤ ነገሩን ግን ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። ከላይ እንደ ተባለው ውኃው የሚመጣው ከደጋው ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ደን ቢያልቅ ምንጩ በማግሥቱ አይደርቅም፤ የሚፈልቀው ግን ጥላ በሌለው፣ ጎርፍ በሚደፍነው፣ ከብትና ሰው በሚያደፈርሰው ስፍራ ይሆናል። በአንጻሩ የደጋው ምድር ከተራቆተ፣ ዝናሙ ወደ ምድር ሳይሰርግ በላይ በላይ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ ከታች ያለው ደን ቢጠበቅም ውኃው ይጐድላል። የዚህን ምልክት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ አባያ መመልከት ይበቃል። አባያ የቀላው ወንዞች ከደጋ ያወረዱለት አፈር በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ነው። እንግዲህ የነጭ ሳር ወሰን በካርታ ላይ በተሰመረው መስመር አያበቃም፤ ጨንቻ ላይ ተዳፋቱን ያለ እርከን የሚያርስ ገበሬም፣ ሳያስተምረው ያለፈው የእርሻ ሹምም የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ናቸው።

አራተኛው ተከራካሪ «እኛ መጠበቅ አንችልም፤ የሚችል የውጭ ሰው ይምጣ» ይላል። ይህም ተሞክሯል። በ2004 መንግሥት አፍሪካን ፓርክስ ከሚባል የውጭ ድርጅት ጋራ የነጭ ሳርን አስተዳደር ለመስጠት ተዋዋለ፤ ድርጅቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ በ2008 ሥራውን ትቶ ወጣ። የውጭ ሰው ዕውቀትና ገንዘብ አይጠላም፤ ያችን ወፍም ያገኙአት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ውሉ የተጻፈው በመንግሥትና በድርጅቱ መካከል ሲሆን፣ በሜዳው ላይ የሚኖረው ሕዝብ ከውሉ ውጭ ነበረ። ባለቤቱ ያልፈረመበት የቤት ኪራይ እንዴት ይጸናል? ከዚህም በላይ ነጭ ሳር ፓርክ ከተባለ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በነጋሪት ጋዜጣ ሳይታወጅ ቈይቷል፤ በእነዚያ ዓመታት ከአገሪቱ ፓርኮች በሕግ የታወጁት አዋሽና ስሜን ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ አልተስማማም፤ ሕጉም አልተጻፈም። ሁለቱም የጐደሉት ጥበቃ በምን ይቆም ነበር?

ጥበቃ በፈቃድ ሲሆን እንዴት እንደሚጸና ለማየት የኢትዮጵያን ምድር ዞሮ መመልከት ይበቃል። በሰሜን አገር ከተራቆተ ተራራ መካከል ብቅ ያለ አረንጓዴ ክብ የታየ እንደ ሆነ መካከሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው በዚያ የቀረው ዘበኛ ጠመንጃ ይዞ ስለ ጠበቀው አይደለም፤ ሰው ሁሉ የአጸዱን ዛፍ መቍረጥ ነውር ነው ብሎ ስላመነ ነው። የጋሞም ሽማግሌዎች በደጋው ላይ በአባቶቻቸው ሥርዓት የከለከሏቸው፣ መጥረቢያ የማይገባባቸው ዱሮች አሏቸው። የመናገሻንም ጫካ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል። እምነቱና ሥርዓቱ የተለያየ ቢሆንም ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ሰው የራሱ ነው ብሎ ያመነበትን ነገር ይጠብቃል። ይህን ሲባል ግን ለመመካት አይሁን። ብዙ አጸድ ከዓመት ወደ ዓመት ጠብቧል፤ በአንዳንዱም ስፍራ የአገሩ ዛፍ እየወጣ ባሕር ዛፍ ተተክቶበታል። ስለ ነጭ ሳር የሚመክር ካህን አስቀድሞ በራሱ ደብር ቅጥር ውስጥ ያለውን ዛፍ ይቍጠር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነቀፋ ብቻ ተናግሮ መፍትሔ ሳይናገሩ መቅረት የሰነፍ ክርክር ነው። አንደኛ፣ የሜዳውና የምንጮቹ ዋና ስፍራ ማንም የማይነካው ሆኖ፣ ወሰኑ የጉጂ፣ የኮሬና የጋሞ ሽማግሌዎች ባሉበት በእግር ተሄዶ ይወሰን፤ የተወሰነውም በሕግ ይጻፍ። በቢሮ የተሰመረ መስመር በሜዳ አይታወቅምና። ከዚያ ውጭ ከብት የሚገባበት ወቅትና ስፍራ በስምምነት ይለይ። ሁለተኛ፣ ጐብኚ ከሚከፍለው ገንዘብ የታወቀው ድርሻ በሜዳው ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ ይድረስ፤ የሚጠብቀውም ዘበኛ በተቻለ መጠን ከዚያው ሕዝብ ልጆች ይቀጠር። የሜዳ አህያው በሕይወት በመኖሩ ልጁ ትምህርት ቤት የገባለት አባት የሜዳ አህያውን አያስገድልም።

ሦስተኛው የከተማው ዕዳ ነው። ከተማው በራሱ ዙሪያ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ይትከል፤ ማገዶ የሚቈጥብ ምድጃ በየቤቱ ይግባ፤ መብራት የደረሰበት ቤት በመብራት ይጋግር። እንጨት በመሸከም የሚኖሩት ሴቶችም ሸክማቸውን ከማስጣል በፊት የሚኖሩበት ሥራ ይፈለግላቸው፤ ችግኝ የሚያፈሉና የሚተክሉ እነርሱ ቢሆኑ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ሥራ ነው። ለመተዳደሪያ የሚሆን ነገር ሳይሰጡ መከልከል ድኻውን እንዲሰርቅ ማስገደድ ነው። አራተኛ፣ መምህራንና ካህናት ይህን ነገር በየጉባኤያቸው ያስተምሩ፤ ድግስም ሲደገስ ማገዶው ከየት እንደ መጣ ይጠይቁ። አንድ ካህን በአንድ ሠርግ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ መቶ ዘበኛ የማይሠራውን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

በመጨረሻም «አሁን ዘግይቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ የተስፋ መቍረጥ ቃል መስሎ የሚሰማ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ስንፍና ነው። ጅቡ ገና አልሄደም፤ በበረቱ ውስጥ ነው። ሾላው ዛሬም በምንጩ ላይ ቆሟል፤ የሜዳው አህያ ዛሬም በሜዳው ላይ ይታያል፤ ውኃውም ዛሬ ይፈልቃል። የጠፋውን መመለስ ባይቻል የቀረውን መጠበቅ ይቻላል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የደኑም መጥፋት በአንድ ቀን የሚሆን ስላልሆነ ማንም አይደነግጥም፤ በየዕለቱ አንድ ሸክም፣ በየዓመቱ አንድ ጋሻ መሬት ይሄዳል፤ ከተማውም በሳቅና በጨዋታ እየተወሰደ ነው።

ነጭ ሳርን የሚያጠፋው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ አንድ ስም አይደለም። ሳይመክር ያባረረ ሹም አለበት፤ ልክ ሳያውቅ ያሰማራ እረኛ አለበት፤ ሁሉም ግን የየራሱን ምክንያት ሲናገር ተሰምቷል። ምክንያቱን ተጠይቆ የማያውቀው፣ በሞቀ ቤቱ ተቀምጦ ፍርድ የሚሰጠው፣ ሳይጠይቅ የሚገዛውና ሳይጠይቅ የሚያነደው የከተማ ሰው ነው። ያችን ወፍ ሊቃውንት ያወቋት በአንድ ክንፍዋ ነበረ። የልጅ ልጆቹም ነጭ ሳርን ከመጽሐፍ ላይ በቀረ ስሙ ብቻ እንዲያውቁት የማይፈቅድ ሰው፣ ዛሬ ማታ ምድጃው ሲነድ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ። ልብ ያለው ልብ ይበል።